ስፔሻሊስት ነርስ ሥራ ላይ እንዲውል ከፈለጋችሁ፦ ከካሪኩለሙ በፊት ፖለቲካውን ጨርሱ

ማስተርሱን ጨርሶ የመጣ ነርስ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ዓመት ተምሯል፣ አይሲዩ ውስጥ አድሯል፣ ጥናቱን አቅርቧል። ሲመለስ የሚጠብቀው ግን ያው የድሮው ዋርድ፣ ያው ዲዩቲ፣ ያው የሥራ ዝርዝር ነው። የተማርኩትን ልሥራ ካለ “ማን ፈቀደልህ?” ይባላል። እና ገሚሱ አስተማሪ ይሆናል፣ ገሚሱ ኤንጂኦ ይገባል፣ የቀረው ደግሞ የውጭ ፈተና ያጠናል።

ትምህርቱ እኮ አለ። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በአዋቂዎች ጤና፣ በሕፃናት፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ነርሲንግ ማስተርስ ይሰጣሉ። የጎደለው ሥልጣኑ ነው፤ መደቡም ክፍያውም። እነዚህ በክፍል ውስጥ አይገኙም፤ በስብሰባ፣ በደብዳቤና በድርድር ነው የሚገኙት። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሁኑ፣ ማኅበር ውስጥ ሁኑ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ስለ ምን እንደማወራም ግልጽ ላድርግ። የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት ስለያዘ ነርስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለስፔሻሊስት ነርስ ደረጃ ዝቅተኛው ትምህርት ማስተርስ ነው ብሏል። በአንድ ዘርፍ ጠልቆ የሠለጠነ፣ ታካሚውን ራሱ የሚያይ፣ ላብራቶሪ የሚያዝ፣ በሽታውን የሚለይ፣ በወሰኑ ውስጥ መድኃኒት የሚጽፍ፣ ከወሰኑ ሲያልፍ ሪፈር የሚል፣ ለውሳኔውም ራሱ የሚጠየቅ ነርስ ማለቴ ነው። የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ በሉ። መጠየቅን የማይፈልግ ሰው ሥልጣን ባይጠይቅ ይሻለዋል።

ጥናት ይዘን ብንሄድ ይሰሙናል ብላችሁ ካሰባችሁ

ካናዳ ውስጥ የሆነውን ስሙ። ኦንታሪዮ ግዛት፣ በርሊንግተን የምትባል ከተማ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታካሚ ቤተሰቦችን በዕጣ ለሁለት ቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን እንደተለመደው በሐኪም፣ ሌላው በነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለትም ራሷ መርምራ በምታክም ነርስ፣ እንዲታይ ተደረገ። ውጤቱ በ1974 ታተመ፤ በታካሚዎቹ ጤናም ሆነ እርካታ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ግን ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል። የክሊኒኩ ገቢ ቀነሰ። ነርሷ ብቻዋን ለሠራችው ሥራ የጤና መድኑ አይከፍልም ነበርና ዶክተሩ እሷን በመቅጠሩ ከሰረ። ሕግም አልወጣላቸውም። ቀጥሎ ደግሞ “ሐኪም በዝቷል” የሚል ወሬ ተነሳ። በ1980ዎቹ ውስጥ ማሠልጠኛዎቹ ተዘጉ፣ ነገሩን ውሃ በላው። ኦንታሪዮ ሕግ ያወጣችው በ1997 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ጥናቱ ከታተመ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው!

የራሳችንንም ታሪክ እንይ። የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን በቡድን ያሠለጥን ነበር። ለገጠሩ ሕዝብ ታስቦ የተሠራ ጥሩ ሐሳብ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ተቋሙ የሕክምና ፋኩልቲ ሲሆን የጤና መኮንን ሥልጠናው ቆመ። እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ሰው የሚወደው፣ የሚጠቅም፣ ለዓመታት የሠራ ሙያ እንኳን ከላይ ያለው ፍላጎት ሲለወጥ ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ጥናቱን ያዙ፣ ግን ጥናቱ ያሳምናል ብላችሁ አትቀመጡ። የሚቃወማችሁ ሰው ጥናት ስላላነበበ አይደለም የሚቃወመው። የሚቀርበት ነገር አለ። ምን እንደሚቀርበት ሳታውቁ ስብሰባ አትግቡ።

“ሐኪም ስለሌለ” ብላችሁ አትጀምሩ

ይህ ከዓመታት በፊት ይሠራ ነበር። አሁን አይሠራም። ከ2012 ወዲህ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በብዛት ተከፍተው ዛሬ ሥራ የሚፈልግ ጠቅላላ ሐኪም አለ። እናንተ “የሐኪም እጥረት አለ” ስትሉ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ሥራ ፈቶ የተቀመጠው ወንድሙ ነው ትዝ የሚለው። የካናዳውን ሐሳብ የገደለው አንዱ ነገር ይህ ነበር። እኛም ዘንድ በደንብ ሊገድለው ይችላል።

የተሻለው መነሻ ማንም የማይሠራው ሥራ ነው። እስራኤል ውስጥ ስፔሻሊስት ነርሶች በ2009 ሲጀመሩ የመጀመሪያው ዘርፍ የማስታገሻ ሕክምና ነበር፤ አረጋውያን፣ ጨቅላ ሕፃናት፣ ስኳርና ሌሎቹ በኋላ ተከተሉ። ምርጫውን ተመልከቱት። በማይድን በሽታ የተያዘን ሰው ሕመም ማስታገስ ብዙ ሐኪም የሚሻማበት ሥራ አይደለም፤ ታካሚውና ቤተሰቡ ግን አጥብቀው የሚፈልጉት ነው።

ለእኛ ምን ቢሆን ይሻላል? የእኔን ምርጫ ልናገር። አንደኛ፣ የስኳር ሕመምተኞች እግር ቁስል። ተመላላሽ ክፍል ሄዳችሁ እዩ፤ ቁስሉን የሚያጥበው ነርስ ነው፣ መቼ አንቲባዮቲክ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ የሚያየው ነርስ ነው፣ ታካሚው ግን ለመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ሌላ ወረፋ ይይዛል። እግሩ የሚቆረጠው ደግሞ በዚያ መዘግየት መሐል ነው። ሁለተኛ፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክፍል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን አጠገባቸው እንዳለ ማንም ያውቃል። ሦስተኛ፣ የካንሰር ታካሚዎች የሕመም ማስታገሻ። የደም ግፊትና የስኳር ክትትልም ጥሩ ነው፤ እዚያ ግን ከጤና መኮንኖችና ከጠቅላላ ሐኪሞች ጋር ቶሎ ትጋጫላችሁ፣ ለመጀመሪያ ባይሆን እመርጣለሁ።

ዘርፉን ከመረጣችሁ በኋላ ትልቅ ጥናት አያስፈልጋችሁም። መዝገቡን ክፈቱ። የሦስት ወር በቂ ነው። ስንት ታካሚ መጣ፣ ሐኪም እስኪያየው ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ቆየ፣ ስንቱ ሳይታይ ሄደ፣ ስንቱ ተባብሶ ተመለሰ። አንድ ገጽ ላይ አስፍሩት። ሲኢኦው፣ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ገጽ ያነብባል፤ ሠላሳ ገጽ ከሰጣችሁት መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ገጹ ላይ “የነርስ ሙያ ክብር” የሚል ነገር አታስገቡ። እውነት ቢሆንም አታስገቡ። ክብራችንን ለማስጠበቅ ብሎ በጀት የሚፈቅድ የለም።

አንድ ዶክተር ፈልጉ

ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ነገር በ1965 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ሲጀመር ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሎሬታ ፎርድ ነርስ ናቸው፤ በ104 ዓመታቸው በ2025 ነው ያረፉት። ሄንሪ ሲልቨር የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ነርሷ ብቻቸውን ቢጀምሩት ኖሮ የት ይደርስ ነበር? አላውቅም፤ ግን ሐኪሙ ከጎናቸው ስለነበሩ “ነርሶች የሐኪምን ሥራ ሊቀሙ ነው” የሚለው ክስ እንደ ልብ አልሄደም።

እናንተም እንደዚያ ያለ ሰው ያስፈልጋችኋል። የምትፈልጉት በጣም ደጉን ዶክተር አይደለም፤ በጣም የተጨናነቀውን ነው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ የቁስል ታካሚ ሰልችቶት ከሆነ፣ የሕፃናት ሐኪሟ ሌሊት ሌሊት በስልክ መጠራት ካንገሸገሻት፣ ወዳጃችሁ እነሱ ናቸው። የሚጠቅማቸውን ነገር ንገሯቸው፦ ቀላሉን ኬዝ እኛ እንጨርሳለን፣ ከባዱ በሥርዓት ተዘጋጅቶ ይደርሳችኋል። ደግሞ ፕሮቶኮሉን አብረው እንዲጽፉት አድርጉ። ስማቸው የተጻፈበትን ወረቀት ሰው በቀላሉ አይቃወምም።

በዚህ ጉዳይ የሰርጀሪ ኃላፊው ባልደረባቸውን ቢያናግሩ እናንተ አሥር ጊዜ ከምታስረዱት ይበልጣል። ያናድዳል፤ አዎ። ግን የሚሠራው እንደዚያ ነው።

የራሳችን ቤት

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ሎሬታ ፎርድን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አምርረው ከተቃወሟቸው መካከል የነርሲንግ መምህራን ነበሩ። “ነርስነትን ትታችሁ ትንንሽ ሐኪም ልትሆኑ ነው” የሚል ነበር ክሱ።

እዚህም ይመጣል። ሃያ ዓመት ዋርድ ላይ የቆየችው ሲስተር “ትናንት የተመረቀ ልጅ መጥቶ ሊያዘኝ ነው?” ትላለች። የነርሶቹ ኃላፊ፣ ሜትሮኗ፣ ደግሞ ጥሩ ጥሩ ነርሶቿ ከዲዩቲ ዝርዝሩ ሊወጡባት እንደሆነ ታስባለች፤ እውነቷን ነው፣ ይወጡባታል። ስለዚህ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትሮኗ ቢሮ ቡና ጠጡ። የሚወጣው ነርስ እንዴት እንደሚተካ አስቀድማችሁ ንገሯት። ልምድ ያላቸው ነርሶች ወደዚህ ደረጃ የሚደርሱበትን መንገድም በጽሑፍ አስገቡ። ደረጃው ለማስተርስ ምሩቅ ብቻ የተሠራ ደሴት ከመሰለ ዋርዱ ራሱ ይገፋዋል።

ከባዱ ድርድር ግን ከጤና መኮንኖች ጋር ነው። በሌላ አገር ያለውን መመሪያ ገልብጠው የሚያመጡ ሰዎች ይህን አያዩትም። እዚያ በነርስና በሐኪም መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነበር። እኛ ዘንድ ባዶ አይደለም፤ ጤና መኮንኑ ቁጭ ብሎበታል፤ መርምሮ፣ ለይቶ፣ መድኃኒት ጽፎ የሚያድር ሰው ነው፣ ጤና ጣቢያውን ያቆመውም እሱ ነው። የአዋላጅ ነርሶችና የአኔስቴዢያ ባለሙያዎችም የየራሳቸው ወሰንና ማኅበር አላቸው። እናንተ “ነርስ መርምሮ መድኃኒት ይዘዝ” ስትሉ ከሐኪሙ በፊት የሚደነግጠው ጤና መኮንኑ ነው። መፍትሔው ወሰንን በዘርፍ ማጥበብ ነው። ጠቅላላ ተመላላሽ ክፍልን አትጠይቁ። “የቁስል ክሊኒክ፣ በእነዚህ መድኃኒቶች፣ በዚህ ሆስፒታል ደረጃ” በሉ። ከማኅበራቸው ጋር ደግሞ ረቂቁ ከመውጣቱ በፊት ተቀመጡ። ረቂቁን በቴሌግራም ካዩት አለቀላችሁ፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

የምትጠይቁት ወረቀት ምን ምን ነው

ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ከተለያየ ቢሮ ነው የሚመጡት።

የሙያ ወሰኑና ፈቃዱ ከጤና ሚኒስቴር ነው። እዚህ ላይ ቃላቱን ተጠንቀቁ። “በሐኪም ቁጥጥር ሥር” የምትል አንዲት ሐረግ ሙሉ ሰነዱን ልትበላው ትችላለች። ቁጥጥር ማለት ምን ማለት ነው? ሐኪሙ አጠገብ ይቁም? እያንዳንዱን ካርድ ይፈርም? ወይስ በስልክ ይገኝ? ካልተጻፈ በየሆስፒታሉ እንደ ዳይሬክተሩ ስሜት ይተረጎማል።

አሜሪካ ያሉ ነርሶቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። ዋሽንግተን አካባቢ ስንቱ ሐበሻ ነርስ እንዳለ መቼም አይነገርም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትሠራ ነርስ ፕራክቲሽነር በሜሪላንድ ሕግ ናት፤ ሜሪላንድ በ2015 ባወጣችው ሕግ ከሐኪም ጋር የስምምነት ወረቀት መያዝ ቀርቷል። ጓደኛዋ ወንዙን ተሻግራ አሌክሳንድሪያ ብትሠራ ቨርጂኒያ ናት። ቨርጂኒያ በ2018 ሕጓ መጀመሪያ ከሐኪም ጋር 5 ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ጠየቀች፤ የዓመቱን ቁጥር ከዚያ ወዲህ ቀንሳዋለች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ትምህርት ተምረዋል፣ አንድ ዓይነት ፈተና አልፈዋል። ልዩነቱን የፈጠረው የየግዛቱ ምክር ቤት ነው። የቨርጂኒያው ዓይነት መንገድ ለእኛ ለመጀመሪያ አይከፋም ባይ ነኝ፦ ቁጥጥሩ ይኑር፣ ግን ማብቂያ ይኑረው። “ለሁለት ዓመት በሐኪም አማካሪነት፣ ከዚያ በራሷ” ተብሎ ቀኑ ይጻፍ። ማብቂያ የሌለው ቁጥጥር ለዘላለም ይቀራል።

የመድኃኒት ዝርዝሩን ደግሞ በጣም አጭር አድርጋችሁ ጀምሩ። እንግሊዝ አገር የማኅበረሰብ ነርሶች ከአጭር ዝርዝር መድኃኒት እንዲያዙ በመንግሥት ሪፖርት የተመከረው በ1986 ነው። ሕጉ በ1992 ወጣ፣ ሙከራው በ1994 ተጀመረ። ዝርዝሩ እየሰፋ ሄዶ ብቃቱ ላላቸው ነርሶች ከጥቂት ገደብ በቀር ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2006 ነው። ሃያ ዓመት ፈጀ፤ ግን አልተቀለበሰም። እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አይተናል። የጤና ኤክስቴንሽን በ2003 ሲጀመር በዋናነት የመከላከል ሥራ ነበር፤ በ2009 እነዚያው ሴቶች ኢምፕላኖን የሚባለውን በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ መቅበር ጀመሩ፣ በ2010 ደግሞ የሕፃናትን ሳንባ ምች በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቀደ። በመጀመሪያው ቀን አንቲባዮቲክ ይሰጡ ተብሎ ቢጠየቅ ማን ይሰማ ነበር? የሚቀጥለውን ፈቃድ ያስገኘው የቀደመው በሰላም መሠራቱ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት መደቡ ነው። ይህ ጤና ሚኒስቴር ብቻውን የሚጨርሰው አይደለም፤ የሲቪል ሰርቪሱ ጉዳይ ነው። የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰኑ፣ ጄኢጂ የምንለው፣ ጤና ባለሙያውን ስንት እንዳጨቃጨቀ አትረሱም። ለመደቡ የሥራ ዝርዝር ስትጽፉ “ይረዳል፣ ይሳተፋል፣ ይተባበራል” የሚሉ ግሦችን አውጡ። ምዘናው ኃላፊነትን ነው የሚያየው። “ይወስናል፣ ያዝዛል፣ ይመራል፣ ይጠየቃል” በሉ፤ በእርግጥ የሚሠራው እሱን ከሆነ። የሥራ ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ነርስ ይሁን፣ የሚያርመው ግን የሰው ሀብት ባለሙያ ይሁን።

የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎቹን እንዳትረሱ። ሥልጠናው በ2009 ተጀመረ። ጤና መኮንኖች ማስተርስ ተምረው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና እንዲሠሩ፣ እናቶች ምጥ ላይ እንዳይሞቱ። ስንት ሕይወት እንዳተረፉ ገጠር የሠራ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን “ከዚህ በኋላ ወዴት ነው የምናድገው?” የሚለው ጥያቄያቸው ለዓመታት ሲያንገላታቸው ኖሯል። ሥልጠናው ቸኮለ፣ የዕድገት መሰላሉ ወደኋላ ቀረ። እናንተ መደቡ ሳይጸድቅ አንድም ተማሪ ባትቀበሉ እመክራለሁ። ዩኒቨርሲቲው ይቸኩላል፣ ፕሮግራም መክፈት ለእሱ ሪፖርት ነው። ተመራቂው ግን ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ግን ካናዳን አስታውሱ። ሁለት ሰው ሄዳችሁ ጠይቁ። አንደኛው ፋርማሲው፦ የነርስ ፊርማ ያለበትን ማዘዣ ታስተናግዳላችሁ ወይ? ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቢሮው፦ በዚያ ማዘዣ የወጣውን ወጪ ትከፍላላችሁ ወይ? መልሱን በጽሑፍ ያዙ። አንዱ “አይ” ካለ ታካሚው ተመልሶ ዶክተር ፍለጋ ይሄዳል፣ ክሊኒካችሁም በሁለተኛው ሳምንት ይዘጋል።

ጊዜው መቼ ነው

በሩ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ችግር ነው። ኤችአይቪ ከፈተው። እኛ አገር ነፃ መድኃኒት በ2005 ሲጀመር ሐኪም ብቻ ይስጥ ቢባል ኖሮ ስንቱ ወረፋ ላይ እያለ ይሞት ነበር። መድኃኒቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ያዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ሥራን ከሐኪም ወደ ሌላው ባለሙያ ስለማሸጋገር የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ በጥር 2008 የጠራው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ የአዲስ አበባ መግለጫ የሚባልም ወጥቷል። ደቡብ አፍሪካ ነርሶች ሕክምናውን ራሳቸው እንዲያስጀምሩ በ2010 ፈቀደች። ሐኪም በሌለበት ነርስ ማከም ትችላለች ወይ የሚል ክርክር ሲነሳ ይህን ንገሯቸው። አርት ክሊኒክን፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበትን ክፍል፣ ለዓመታት ያስኬደው ማን ነው?

አሁን የተከፈተው በር የስኳር፣ የግፊትና የካንሰር ብዛት ነው። ሚኒስቴሩ ስለ ጽኑ ሕክምናና ስለማይተላለፉ በሽታዎች አዲስ ዕቅድ በሚያዘጋጅበት ወቅት ረቂቃችሁ ዝግጁ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይገኝ። ዕቅዱ ከታተመ በኋላ ከመጣችሁ “ለሚቀጥለው አምስት ዓመት” ትባላላችሁ።

ሌላ ነገር፦ ከወዳጅ ዳይሬክተር በተገኘ ሰርኩላር አትርኩ። ሰርኩላሩ ሰውየው ሲነሳ አብሮት ይነሳል። መመሪያ ይሁን። ባይሆን እንኳን ማኔጅመንቱ የወሰነበት፣ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይኑራችሁ።

ስብሰባው ላይ

ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ ላይ አዲስ ነገር አይነገርም። እያንዳንዱን ሰው ቀድማችሁ ለየብቻው አግኙ። በተለይ የሚቃወመውን። ፊት ለፊት ቢሮው ሄዳችሁ “ዶክተር፣ የሚያሳስብዎትን ይንገሩን፣ ረቂቁ ላይ እናስገባዋለን” በሉት። ግማሹን ካስገባችሁለት ስብሰባው ላይ ዝም ይላል። ዝም ካለ ይበቃችኋል።

“የታካሚ ደህንነት” የሚለው ጥያቄ በእርግጠኝነት ይመጣል። አንዳንዱ ከልቡ ነው፣ አንዳንዱ ሽፋን ነው፤ እናንተ ሁሉንም ከልብ እንደሆነ ቁጠሩት። አትቆጡ። “እኛ የማናውቅ መሰላችሁ?” የሚል መልስ ሲሰጥ አይቻለሁ፣ ጉዳዩ እዚያው ሞተ። ከዚያ ይልቅ ወረቀት አውጡ። የትኛው ታካሚ በምን ምልክት ወዲያው ሪፈር እንደሚባል፣ ማን እንደሚጠራ፣ ስልኩ ባይነሳ ማን እንደሚተካው፣ በየወሩ ስንት ካርድ ተመርጦ በሐኪምና በነርስ አብሮ እንደሚመረመር፣ ስህተት ሲገኝ ለማን ሪፖርት እንደሚደረግ። የሚከራከራችሁ ዶክተር ያንን የካርድ ምርመራ እንዲመራ ጋብዙት። እምቢ ካለ ጥያቄው ስለ ታካሚው እንዳልነበር ተሰብሳቢው ራሱ ያያል፤ እናንተ መናገር አይጠበቅባችሁም። እሺ ካለ ደግሞ በየወሩ ሥራችሁን በዓይኑ የሚያይ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው።

“ስህተት ቢፈጠር ማን ይከሰሳል?” የሚለው ሌላው ነው። ይህ የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሙ ባላየው ታካሚ መከሰስ አይፈልግም። መልሱ ግልጽ ይሁን፦ በወሰኑ ውስጥ ነርሷ፣ ሪፈር ከተደረገ በኋላ የተቀበለው ሐኪም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ መጠየቅን ያነሳሁት። ሥልጣኑን ወስደን ተጠያቂነቱን ለሐኪሙ ብንተው ማንም ሐኪም አይስማማም፣ ልክም ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ አትጣሉ። አንድ የንዴት ፖስት የወራት ድርድር ያበላሻል። ዶክተሮችም የራሳቸው ግሩፕ አላቸው፣ ስክሪንሹቱ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል።

ሙከራውን በአንድ ሆስፒታል ጀምሩ። ዲያስፖራ ያሉ ልጆቻችን እዚህ ጋ ይጠቅማሉ፤ ነርስ ፕራክቲሽነር ሆነው የሚሠሩትን ለፕሮቶኮል አጻጻፍና በኢንተርኔት ኬዝ ለመወያየት ተጠቀሙባቸው። መድረክ ላይ አውጥታችሁ “አሜሪካ እንዲህ ነው” እንዲሉ ግን አታድርጉ። “እዚህ አሜሪካ አይደለም” የሚለው መልስ ከንፈር ላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃቸው።

ሙከራው ሲያልቅ ያንን አንድ ገጽ እንደገና ሙሉት፤ በዚያው ሰንጠረዥ፣ በዚያው ጥያቄ፣ ከበፊቱ ጎን ለጎን። ያልተሻሻለ ቁጥር ካለም አብሮ ይግባ። መጥፎውን ቁጥር ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል።

እምቢ ከተባላችሁስ? ብዙ ጊዜ “እምቢ” እንኳን አይባልም፤ “እናየዋለን” ይባልና ጆሮ ዳባ ልበስ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ይግባ፣ በግንባር የሰጣችሁት ወረቀት አይቆጠርም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥር ጠቅሳችሁ ሁለተኛ ጻፉ። ከተከለከላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ “በጀት የለም” ከሆነ፣ “መመሪያው አይፈቅድም” ከሆነ፣ “የሕክምና ክፍሉ አልተስማማም” ከሆነ። የሚቀጥለው ማመልከቻችሁ በዚያች አንዲት ምክንያት ላይ ብቻ ይሁን፣ ግልባጩ ደግሞ ለክልል ጤና ቢሮውና ለማኅበሩ ይድረስ።